አፈር ይሆናል

የካርኪዳካም ወር ነው፤ ሰማዩ በሩን አልዘጋም ብሎ፣
ቀኑ እንደ ተነከረ ጨርቅ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ፣
እዚያ ኩታናድ፣ እርሻው ከባሕር ወለል ዝቅ ባለበት፣
ጨው ማሰሮው ውስጥ ቀልጦ ውሃ በሚሆንበት፣
ሸሚዝ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ
ሻጋታ ለብሶ ወደ ቤት በሚገባበት ዞሮ፣

አንድ ሌሊት ከቦዩ ማዶ፣ ከታንካማ ጓሮ፣
የከረመ እንቁላል ሽታ መጣብን አሳብሮ።

አባቴ ቫርኪ ቁጭ አለ፤ አፍንጫውን ያዘና፣
«ይቺ ሴት ባሏን ገና አሁን ነው የቀበረችው?» አለና፣
ጎሕ ሳይቀድ በታንኳ ላከኝ፤
«ልጅ ሲናገር አያስቀይምም» ብሎ መከረኝ።

ታንካማ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማለች፣
ቁልሏን እንደ ታመመች ላም ጎኑን ትዳስሳለች።
እምቦጭ ነው፣ ቦዩን ሲዘጋ በማጭድ ያጨደችው፣
የሙዝ ግንድ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ የደባለቀችው፤
ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ትንፋሹ ታፍኖ፣
ይበስላል ሲባል የገማ፣ ረግረግ ሆኖ።

መልእክቴን ሰማች። አልተቆጣችም።
«አባትሽ እውነት አለው፤ እርጥብ ከእርጥብ ጋር አይስማማም።
ደረቅ ይሻል ይሄ፤ ደረቅ ግን ከወዴት?
ሰማዩም ውሃ ነው፣ ውሃ ነው መሬት።»

ፈለግን። የኮኮናቱ ቃጫ ሲጨምቁት ያለቅሳል፤
ገለባው ከነነዶው ጎተራ ውስጥ በቅሏል።
ደረቅ ሆኖ የተገኘው አንድ ነገር ብቻ፣
ከምድጃው በላይ፣ በጭስ ጠቁሮ፣ በጣሪያው ዳርቻ፤
የፓይሊ፣ የሟች ባሏ፣ የብድር መዝገብ፣
የስንቱ ዘር፣ የስንቱ መድኃኒት፣ የስንቱ ረሃብ
በቀይ ቀለም የሰፈረበት።

አወረደችው። አቧራውን እንኳ እፍ አላለችም።
«ቅደጂው» አለችኝ። «አድቅቂው፤ ትልቅ ትልቁ አይበስልም።»

ኩሩቪላ፣ አራት ቁና ሩዝ። ቀደድኩ።
ጀልባ ጠጋኙ ማታይ፣ ዝፍትና ምስማር። ቀደድኩ።
ሳራማ፣ የመውለጃ ገንዘብ፣ ሁለት ጊዜ። ቀደድኩ።
ከዚያ አንድ ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ስም፤
ቫርኪ። ቫርኪ። ቫርኪ።
በመጨረሻው መስመር የእኔ የትምህርት ቤት ጫማ።

ጆሮዬ ጋለ። ወረቀቱን ከጀርባዬ ሸሸግኩ።
እበቱን በእጇ ስታሸው ቀና አላለችም፤
«አትፈሪ፣ ልጄ» አለች። «አፈር ይሆናል።»

ከእንጨት ርብራብ ላይ አነሣነው፣ ጎርፉ በታች እንዲያልፍ፤
ቀርከሃ ሰካንበት ከመሐል፣ ነፋስ ገብቶ እንዲያርፍ፤
እምቦጭ፣ ወረቀት፣ እበት፤ እምቦጭ፣ ወረቀት፣ እበት፤
ከላይ የዘንባባ ክዳን፣ እንደ ድሃ ቤት።

በሦስተኛው ቀን ሽታው ሄደ።
በአምስተኛው ማለዳ፣ ዝናቡ አንድ አፍታ ሲያባራ፣
ቁልሉ ተነፈሰ።
እጄን ይዛ እስከ ክርኔ አስገባችው፤ መንጭቄ አወጣሁት።
ትኩሳት የያዘው ሕፃን ብብት ነበር።
«እዚህ አገር መብሰልም መግማትም ችኩል ነው» አለች፤
«የሚለያቸው ትንፋሽ ነው።»

አባቴ ከቦዩ ማዶ አየሩን አሽትቶ፣
«ነገርሻት፣ አይደል?» አለ ደረቱን ነፍቶ።
ዝም አልኩ።

በኦናም ሰሞን አንድ ቅርጫት ላከችለት።
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የመጀመሪያ ዝናብ የሚሸት።
ዝንጅብሉ ሥር ሊነሰንሰው በእፍኙ ዘገነና
ጣቶቹ መሐል አንዲት ቁራጭ ቀረች፤ የጥፍር ታክል፣
ቀይ ቀለም ያለባት፣ ያልበሰለች።
(እኔ ነኝ በደንብ ያላደቀቅኳት።)
አባቴ ብዙ ቆየ።
ከዚያ በአውራ ጣቱ ወደ ጉድጓዱ ገፋት፣ አለበሳት።

ምንም አልተናገረም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ።
ብቻ በጋው ሲገባ፣ መሬት ሲሰነጠቅ፣
የደረቀ ቅጠል፣ የደረቀ ቃጫ በታንኳ እየጫነ
የታንካማን መጋዘን እስከ ጣሪያው ሞላው፤
«ክረምት ሲመጣ ደረቅ ይጠፋል» እያለ፣ ፊቱን አዙሮ።

ስንት ጭነት እንደነበር
የጻፈ ሰው የለም።